«በሉ፣ ይረገጥ»

እስካሁን አላመንኩም። ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ቆመው ሲያዙን የነበሩት አጎቴ ቀትር ሳይሆን በቃሬዛ ቤት ገቡ።

ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ወደ ሶደሬ የሚወስደው ያ መንገድ በየክረምቱ የጭነት በቅሎ ይውጥ ነበር። አገሬው በየዓመቱ እርሻውን ጥሎ ጉድጓድ ሲሞላ ይከርማል። አጎቴ ይህ ሰለቻቸውና ጥቁሩን አፈር ከኮረብታው ቀይ ጠጠር ጋር አስቦክተው እንደ አውድማ በበሬ ማስረገጥ ጀመሩ። ያስረገጡት ሁሉ ክረምቱን ችሎ ይወጣል።

ከመረገጡ በፊት ግን ከጭቃው ቆንጠር አድርገው ያድቦለብሉና ከጉልበታቸው ከፍታ ይጥሏታል። ከተፈረካከሰች «ውሃ አንሷታል»፣ ከተጠፈጠፈች «ጠጠር አንሷታል» ይላሉ። እንዳለች ካረፈች ብቻ «በሉ፣ ይረገጥ» ይሉናል።

የዚያን ቀንም አድቦልብለው ይዘዋት ነበር።

«ጋሼ፣ ይጣሏት እንጂ፤ በሬዎቹ ቆመዋል» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» ብለውኝ ዳር ላይ ተቀመጡ። አልተነሱም። ጭቃዋን ከጭብጣቸው ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ወደ ሥራው ተመለስን። አዲስ አድቦልብዬ ከጉልበቴ ከፍታ ጣልኳት፤ እንዳለች አረፈች። በሬዎቹን እንደያዝን ሁላችንም ቆምን። ለካስ እሳቸውን እየጠበቅን ነው።