የአባት ጥሪ

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ስትጨክን፣ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከኛ በላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ፍራሹን በረንዳ ላይ አንጥፎ አደረ። ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አዲስ አበባ አይደለም፣ አሰብ ነው!" አለኝ። አሰብን በካርታ እንኳ ያየ አይመስለኝም። አሰብ ማለት፣ አልኩት፣ ጥላህ ራሱ ጥላ ፍለጋ ጥሎህ የሚሄድበት አገር ነው። ፍየሎቹ ካርቶን የሚበሉት ሣር ስለሌለ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ካርቶን ቀዝቃዛ ምግብ ስለሆነ ነው። ሸሚዝ ታጥቦ ከባልዲው ወጥቶ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። ሰውዬው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት አሰብ ኖረናል። አባቴ ደሳለኝ ሚሲዮናዊ ነበር። ሚሲዮናዊ ሲባል ፂማም ፈረንጅና ላንድሮቨር የሚታያችሁ ካላችሁ አዝናለሁ፤ የኛው ከከምባታ የመጣ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቀጭን ልብስ ሰፊ ነበር። ጸሎት ቤታችን አዲስ አበባ ላይ በደርግ ሲታሸግ ሽማግሌዎቹ በድብቅ ተሰብስበው ጸለዩና ወደ ባሕሩ ዳር ላኩት። ቀን የወደብ ሠራተኞችን ሱሪ ይጥፋል። አመሻሽ ላይ እነዚያው ሠራተኞች "ልንለካ ነው" እያሉ ከነሚስቶቻቸው ይመጣሉ፤ ያኔ በር ይዘጋና መዝሙር ይጀመራል። የኔ አገልግሎት የስፌት መኪናውን ያለ ክር መርገጥ ነበር፤ ድምፁ መዝሙሩን እንዲሸፍን። እስከ ዛሬ መዝሙር ስሰማ ቀኝ እግሬ ብቻውን ይነሣል።

ስሜን ደግሞ ዮናስ ብሎኛል። ባሕር ዳር ለሚኖር ልጅ ይሄ ስም ነው ወይስ ማስፈራሪያ? ዋና በገባሁ ቁጥር ከዓሣው ዓይን ጋር እንዳልጋጠም አንዱን ዓይኔን እጨፍን ነበር። የእናቴ ስም ዘነበች ነው። እኛ በኖርንባቸው ዓመታት አሰብ ላይ የዘነበችው እሷ ብቻ ናት ብል የሚከራከረኝ የለም። ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ፤ ስንተኛ ደግሞ አልጋችንን ደጅ አውጥተን እርጥብ አንሶላ እንለብሳለን። ያ አንሶላ እንዴት ደስ እንደሚል፣ እንዴትስ ቶሎ እንደሚደርቅ።

ታናሽ እህቴ ሩት እዚያ ተወለደች። እዚያው አንድ በጋ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት አልቆየችም። ጎረቤቶቻችን አፋሮቹ አሸዋውን ቆፈሩልን። አባቴ ቆሞ "ጌታ ጠራት" አለ፤ ሌላ ማለት አልቻለም። እናቴ አላለቀሰችም። ቤት ተመለሰችና የሩትን አንሶላ አጠበች፣ አሰጣች፣ ደረቀ፣ አጠፈች። እኔም አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋችሁ ጉንጫችሁን በጣታችሁ ነክታችሁ የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስላችኋል አይደል? እኔ እንደዚያ ሆንኩ፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ።

ክረምት ሲገባ "ለዕረፍት" ተብሎ ከነስፌት መኪናው ልደታ መጣን፣ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ እታፈራሁ ቤት። ቤቷ ከልደታ ማርያም ቁልቁል ነው፤ ጭቃው ጫማ አውልቆ የሚያስቀር፣ ጣሪያው ዝናቡን አንድ በአንድ የሚቆጥር። እናቴ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች፤ የተጠበሰ በቆሎ እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። እትዬ እታፈራሁ ወር በገባ በአንድ ቀን ልደታን ተሳልማ ስትመለስ አባቴን ሳትተናኮለው አትገባም።

"ደሳለኝ፣ እኔ የምለው፣ እዚያ አሸዋ ላይ ለማን ነው የምትሰብከው? ለፍየል?"

"ለሰው ነው፣ እትዬ።"

"ሰው ካለማ ለምን ሁሉም ወደዚህ ይመጣል?"

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ እንመለሳለን አለ። እዚያ የሚጠብቁት አሉ፤ ጥሪው አላለቀም። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለቻት እትዬ እታፈራሁ። "ምንም" አለችና አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም የምመልሰውን አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺ ሴት ወደዚያ አሸዋ ከተመለሰች የሚመለሰው ልብሷ ብቻ ነው።

አገር ለቆ ለመሄድ የቀበሌ መሸኛ ያስፈልግ ነበርና ሦስታችንም ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀረብን። ጓድ ንጋቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጎማ ለጣፊ ነበር ይባላል፤ ሰውንም እንደ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ነበር የሚፈልገው። አባቴ ደግሞ ውሸት አይችልም። እውነትን ከነነፍሷ መደበቅ ግን እንደ እሱ የሚችልበት አላየሁም።

"ወዴት ነው?" አለ ጓድ ንጋቱ።

"አሰብ።"

"ሰው ከአሰብ ይሸሻል እንጂ ወደ አሰብ ይሄዳል? ምክንያት?"

"ጥሪ አለብኝ።"

እኛ ቤት ጥሪ ማለት እግዚአብሔር ለሥራ ሲልክህ ነው። ቀበሌ ግን በዚያ ዘመን አንድ ጥሪ ብቻ ነው የሚታወቀው። ጓድ ንጋቱ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"የእናት ሀገር ጥሪ?"

"የለም፤ የአባት ነው።"

ተመልሶ ተቀመጠ። "አባትዎ አሰብ ናቸው?"

"እዚያም አለ።"

"እዚያም? ስንት ቤት ነው ያላቸው?"

"በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ።"

"ብዙ! የትርፍ ቤት አዋጅ አልደረሳቸውም እንዴ? አልተወረሰባቸውም?"

"የእሱን ማንም አይወርስም።"

ጓድ ንጋቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አሁን ገና ተበላን አልኩ በልቤ።

"አንድ ነገር ከነከነኝ" አለ። "የወለዱዎትን አባት እሱ፣ እሱ ይላሉ? አንቱ አይባሉም? አብዮቱ እኮ ባላባትን አንቱ አትበሉ አለ እንጂ አባትን አላለም!"

"በኛ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው" አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ።

"በዚህ ቢሮ እሳቸው ነው የሚባሉት!"

በዚያ ሁሉ አብዮት ውስጥ አንድ ካድሬ ለእግዚአብሔር አንቱታ ሲሟገት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ከመንከሴ የተነሣ ለአንድ ወር በርበሬ አልቀመስኩም። ጸሐፊዋ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብላ ጻፈች። ጓድ ንጋቱ ማኅተሙን አንሥቶ ወደ እናቴ ዞረ።

"እርስዎስ ወይዘሮ ዘነበች? አማትዎ እርስዎንም ጠርተዋል?"

እናቴ በመስኮቱ ጭቃውን እያየች ነበር።

"እኔን አልጠራኝም" አለች።

"እርስዎም እሱ ነው የሚሉት?" አለ ጓድ ንጋቱ።

"ዘኑ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

"አልጠራኝም፣ ደሳለኝ። አንተን ጠራህ፣ እሺ። ሩትንም ጠራት አልከኝ፤ ቆሜ ሰማሁህ። እኔም ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። የጠራኝ የለም።"

"ሩት ማናት?"

"ልጄ ናት።"

"ታዲያ እሷ አያቷ ጋ ናት?"

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሊቀመንበሩን አየችው። "እንደዚያ ነው የሚሉኝ" አለች።

ጸሐፊዋ ገብቷታል መሰለኝ፤ መጻፏን ተወች። ጓድ ንጋቱ ግን ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዘ እኔን በአገጩ ጠቆመ። "ልጁስ?"

"ልጁ ከኔ ጋር ነው" አለች።

በዚያ ዘመን የባል ቃል ይበቃ ነበር። አባቴ "ሦስት" ቢል ሦስት ይጻፋል፤ ያለቀ ነገር ነው። አባቴ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አየ።

"ስንት ሰው ልበል እንግዲህ?" አለ ጓድ ንጋቱ።

"አንድ" አለ አባቴ።

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ጥርሴ ሲነቀል እንደምሰማው ድምፁን ሰማሁት፤ ሕመሙ ግን አልነበረም። ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ በቆሎ ገዛችልንና ሦስታችንም እየበላን ሄድን፤ የሚያየን ከሠርግ የተመለስን ይመስለዋል።

አባቴ የስፌት መኪናውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሄደ። እናቴ በሶ ቋጥራለት ነበር። እጄን አወዛወዝኩ። አውቶቡሱ ሲጠፋ፣ አሁን ማልቀስ አለብኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣ ነገር የለም። እትዬ እታፈራሁ እንኳ፣ ያቺ ተተናኳይ፣ የኔን ድርሻ ጨምራ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እየመጣ ያየን ነበር፤ ዓሣ በደረቁ፣ ፊቱም በደረቁ። ደርግ ወድቆ ባሕሩም የሌላ አገር ሲሆን ጠቅልሎ መጣ፤ ከእናቴ ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ በሰላም ኖሩ። ቀበሌ የተባለውን ቃል አንዳቸውም አላነሡትም። ሲቀበር ሰባኪው "ጌታ ጠራው" ሲል እሷ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች።

አሁን እናቴ ከኔ ጋር ናት፤ አርጅታለች፣ ጆሮዋ ደክሟል። እሁድ እሁድ ወደ አንድ ትልቅ አዳራሽ እወስዳታለሁ። ዛሬ መዝሙር የሚደብቅ የለም፤ የድምፅ ማጉያው ሜክሲኮ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። በመጨረሻ ላይ ወጣቱ ሰባኪ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ዛሬ ጌታ የጠራው ሰው አለ፤ ተነሥቶ ወደ ፊት ይምጣ!" ይላል። ወንበሮች ይንኳኳሉ፣ ግማሹ አዳራሽ ይነሣል።

ያን ጊዜ የእናቴ እጅ የኔን ይፈልጋል። ለአሥር ዓመት ልጅ መኪና መንገድ ላይ እንደሚደረግለት አንጓዬን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች። እኔ ደግሞ ጉልበቱ የሚያመው፣ ለአንድ ወንበር የበዛ ጎልማሳ ነኝ።

"እማዬ፣ የትም አልሄድም" እላታለሁ ጆሮዋ ሥር።

ትሰማኛለች። ግን አትለቀኝም፤ ሰባኪው አሜን እስኪል ድረስ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቦታው እስኪመለስ ድረስ።