ሞራ የተቀባችው ሰሌዳ

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ልጄ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ለገና ደብረ ብርሃን ስትመጣ፣ የፈተና ሥራዋ የሆነችውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና በገመድ ትእዛዝ የሚጭንባትን ሳጥን ይዛ መጣች። ሰኞ ሠርታ ካላሳየች ትወድቃለች። ብታገናኛቸው ሳጥኑ ሰሌዳዋን አላውቃትም አለ። ገመዱን ቀየረች፣ ኤሌክትሪኩን ለካች፤ እንቢ!

«እንዳትቆጪኝ፤ ትናንት ገመዱ የሚሰካባቸውን የሰሌዳዋን የብረት እግሮች ሞራ ቀብቻቸዋለሁ» አልኳት። ባደግኩበት አንኮበር ጉሙ ብረት ስለሚያዝግ ማጭድ ሁሉ ሞራ ይቀባል።

«እማዬ! ቅቤስ አልጨመርሽም?»

«ይሸታል ብዬ ተውኩት።»

እየሳቀች ጥጥ በአባቷ ዳግም አረቄ ነክራ እግሮቹን ወለወለች። «ኧረ ጥቂት አስተርፊልኝ!» አለ አባቷ። መልሳ ስታገናኛት ሳጥኑ ተቀበላት፤ የሰሌዳዋም መብራት ብልጭ አለ። እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ወንድ ልጅ የተወለደ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ።