አያድርገውና የሌለበት ቋንቋ

ስለ እህቴ ልጽፍ ነው። እኔ የቤት ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ሠፈር ውስጥ ቀለሜ ይሉኛል። ቀለሜ ማለት ጎበዝ ተማሪ ማለትም ስለሆነ፣ ከአራተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ የሚያውቁት ሲጠሩኝ ይስቃሉ። ይሳቁ።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ አጥባለች። ሳሙናው የጣቷን አሻራ ስለበላው መታወቂያ ስታወጣ ሦስት ጊዜ ነው ቀለም ያስነከሯት። ሥራ አያስፈራትም፤ የሚያስፈራት ቃል ነው። ፎቅ ላይ ልሠራ ስወጣ "እንዳትወድቅ" ብላኝ አታውቅም፤ መውደቅ የሚለው ከአፏ እንዳይወጣ። "በደህና ግባ" ብቻ ትላለች። ክፉ ነገር ማንሳት የግድ ሲሆንባት ደግሞ አስቀድማ "አያድርገውና" ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጨርሰዋለች።

ሆቴሉን የውጭ ሰዎች ያዙትና የእንግሊዝኛ ፈተና ያላለፈ ይሰናበታል ተባለ። እጥበት ክፍሉም ሳይቀር። ያን ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"በአርባ ስድስት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አወለቅኩላት።

አስተማሪ መጣችላቸው፤ ለሁለት ወር። እህቴ እስከ "ኢፍ" ድረስ ደህና ሄደች። ኢፍ የኛ "ቢሆን" ነው። አስተማሪዋ እንዳለችው፣ ያልሆነን ነገር እንዲያው ቢሆን ብለህ ስትናገር ግሡን እንዳለፈ ነገር ታደርገዋለህ፤ ሄደ፣ መጣ፣ ወደቀ። መልሱ ላይ "ውድ" የምትባል ቃል ትገባለች። ውድ ከገባች ነገሩ አልሆነም ማለት ነው።

እህቴ እጇን አወጣች። በሁለት ወር ውስጥ የጠየቀችው ይኸንኑ ብቻ ነው፤ አያድርገውና በእንግሊዝኛ ምንድን ነው አለች። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። እንግሊዞች ኢፍ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አያስገቡም፣ ያለፈው ግሥ ራሱ ነው ነገሩን የሚያርቀው፣ እኛስ ሰውየው ሳይመጣ "ከመጣ እነግረዋለሁ" እንል የለ አለቻት። እህቴ አልተዋጠላትም።

"ሳይሞት ሞተ ይላሉ እኮ። እንዴት አይፈሩም?" ትለኝ ነበር።

ልምምዷን ሁሉ በዕቃ ላይ አደረገችው። ባልዲው ቢሰበር፣ አንሶላው ቢቀደድ። ሰው አታስገባም።

የፈተናው ቀን እኔ ከሆቴሉ ሁለት መንገድ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በውጭ በኩል የእንጨት መወጣጫው ላይ ቆሜ ሮለር እገፋለሁ። ጧት አራት ሰዓት ገደማ ወደ ታች ባይ እህቴ ናት። ሽርጧን እንደታጠቀች፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ በመኪና መሃል ትሮጣለች። ሚስቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበር። ሞታለች አልኩ። ቢ የለ፣ ከ የለ፣ ሞታለች። ልወርድ ስዞር የመወጣጫው ሳንቃ የሚያልቅበትን አላየሁም፤ እግሬ አየር ረገጠ። አጠገቤ ግድግዳ ይለስን የነበረው ጓደኛዬ ቀበቶዬን ባይዘው ኖሮ ይህን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር።

ስወርድ እህቴ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው።

"ምን ሆነች?" አልኳት።

"ማን?"

"ሚስቴ ነቻ።"

"እሷማ ደህና ናት። አንተ ወደቅክ አሉኝ እንጂ።"

"ማነው ያለሽ?"

"ፈታኙ።"

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ፈታኙ ቅጿን አይቶ ወንድም እንዳላት፣ ምን እንደሚሠራ ጠየቃት፤ መለሰች። ቀጥሎ ረጅም ነገር ተናገረ። ውስጡ "ብራዘር" አለ፣ "ፌል" አለ፣ "ቢልዲንግ" አለ። ፌል ወደቀ ነው። ወንበሩን ገልብጣ ወጣች።

"መጀመሪያ ላይ ኢፍ አላለም?" አልኳት።

"ብሎ ይሆናል። ከፌል በፊት ያለውን ማን ይሰማል?"

ፎርማኑ መጥቶ ቀለሜ፣ ከሞትክ ወዲህ ሥራ አቁመሃል አለኝ። ማንም አልሳቀለትም። ስለ ሳንቃው ያን ቀን ለእህቴ አልነገርኳትም።

እጇን ይዤ ወደ ሆቴሉ መለስኳት። መንገዱን ሙሉ አለቀልኝ፣ ተባረርኩ ትላለች። ፈታኙ አልሄደም። በሩ ላይ ቆምኩ፤ በቀለም ልብስ ምንጣፉን መርገጥ ፈርቼ። እኔን አሳየችውና "ብራዘር" አለችው። አስተማሪዋ ነገሩን ስታስረዳው ሰውየው ደነገጠ። ሌላ ጥያቄ ሊጠይቃት ነበር፤ እሷ ግን የመጀመሪያውን፣ ወንድምሽ ከፎቅ ቢወድቅ ምን ታደርጊ ነበር የሚለውን፣ ልመልስ አለች።

"አይ ራን" አለች። ሮጥኩ ማለት ነው።

ፈታኙ በቀስታ ውድ ጨምሪበት አላት፤ እሮጥ ነበር እንዲሆን።

"ኖ" አለች እህቴ። "አይ ራን። ቱደይ።" ዛሬ ማለቷ ነው።

ሰውየው አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እንጃ።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን እጥበት ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። መቅረብ አቅቷት እኔን አስጠራችኝ። እኔ ሳነብ ፊደል በፊደል ነው፤ ከላይ ጀምሬ ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ። ሃያ ሦስት ስም ነው። ሁለት ስም ሲቀረው አገኘኋት። አጠገቡ፣ ለስድስት ወር ትቆያለች፣ ድጋሚ ትፈተናለች ይላል።

"አለሁ?" አለችኝ ከኋላዬ።

"አለሽ" አልኳት።

ጣቴን ግን ከስሟ ላይ ማንሳት ፈራሁ።