እርጥብ ጆንያ የለበሰው ራስ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ፣ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ገና ገፋ ሳደርገው የእርጥብ ጆንያ ሽታ መታኝና እግሬ እዚያው ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን የሻገተ ነገር ይመስለው ነበር። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የቦርከና ወንዝ ጭቃ ነው፣ ውኃ የጠገበ ጆንያ ለብሶ ጥላ ውስጥ ሲውል ትንሽ እንደ ዓሣ፣ ትንሽ እንደ አዲስ ማሰሮ የሚሸት። አባቴ ጭቃ ከነካ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ሽታውን የረሳሁት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የትም አልሄደም።

አባቴ ሰይድ የሰው ፊት ይሠራ ነበር። ከሚሴ ውስጥ የሚያውቁት ግን በጄሶ ነው፤ አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ ሳሎኑ ጣሪያ ላይ አበባ እንዲያወጣለት ይጠራዋል፣ የምንበላውም ከዚያ ነው። ፊት የሚያሠራው ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ፣ የሞተ አባቱን ፎቶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ። አባ ፎቶውን አየት አድርጎ ያስቀምጠውና ሰውየውን ያስወራው ነበር። «አባትህ ሲናደድ መንጋጋው እንዴት ይሆን ነበር?» ይለዋል፤ ሰውየው እያፈረ ሲያስመስል፣ አባ የራሱን የሰውየውን መንጋጋ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ወደ ጭቃው ይመለሳል። የሞተ ሰው ፊት ዘመዶቹ ላይ ተበታትኖ ይገኛል፣ ጆሮው በአንዱ ልጁ፣ ግንባሩ በሌላው፣ ብሎ ያምን ስለነበር፣ ዘመድ ራሱ መጥቶ ካልተቀመጠለት ሥራ አይቀበልም ነበር።

እናቴ ሀዋ ግን ፊቷን አላስነካችውም። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲጠጋት ከት ብላ እየሳቀች፣ «ወግድ! ሳልሞት አፈር አታልብሰኝ» ትለው ነበር አሉ። ፎቶም አትወድም። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ታማ ሞተች። የቀረን የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዶ፣ ዓይኗ ሌባ ያየ ይመስል ፈጦ። አባ ሲያየው፣ «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» ይል ነበር።

ያን ክረምት አባ ምንም አልሠራም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ እጁን ያሻሽ ነበር፤ እኔም ጎረቤት እየበላሁ፣ ጎረቤት እያደርኩ፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ራሴን ዳበስ እያደረገ ሲያልፍ፣ ማንም ቆም ብሎ ሳያየኝ ክረምቱ ወጣ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግን አባ ተነስቶ ከቦርከና ዳር ጭቃ በማዳበሪያ አስጭኖ መጣ። በዚያው ሰሞን አኮ፣ የእናቴ እናት፣ ከጨፋ ሮቢት መጥታ ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ደህና ባታይም፣ የጭቃው ሽታ ነገሩን ነገራት።

«ሰይድ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ቅንድቧ ጠፋኝ፣ አኮ። ላስበው ብል እምቢ አለኝ። ነገ ደግሞ አፏ ይጠፋኛል።»

«አስተግፊሩላህ! የቂያማ ቀን ‘በል እንግዲህ ነፍስ ዝራበት’ ስትባል ምን ልትል ነው?»

«ራስ ብቻ እኮ ነው። ደረት የለው፣ ሆድ የለው፣ ነፍሱስ የት ይቀመጣል?»

«አይ አንተ! አፍስ አላጣህም» አለችው። ልጇ ናት፤ እሷስ ብትሆን መች ጠገበቻት። በመጨረሻ፣ «ዓይኗን አትክፈት» አለችው። «የተኛች ትሁን። ስትጨርስ እኔ ዳስሼ እፈርዳለሁ።»

«የወለዷት አንቱ ነዎት፤ ይፍረዱ» አለ አባ።

እንግዲህ ዘመድ ሆኜ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ያየኝ ሁሉ «ቁርጥ እናቷን!» ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ያስቀምጠኛል፣ ፊት ለፊቴ ጭቃውን ያቆማል፣ ከዚያ እሱን ያያል፣ እኔን ያያል። እኔ እንግዲህ አንድ ቦታ የማልረጋ፣ እግሬን ሁሌ የሚበላኝ ልጅ ነበርኩ፤ እዚያ ባልዲ ላይ ግን እስኪመሽ እውል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይለኝ ነበር። የእናቴ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ አፍንጫዬን ያያል፣ ጉንጬን በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ጭቃው ቆዳዬ ላይ ደርቆ ሲጨመድደኝ እንኳ አልታጠብም ነበር። መምህራችን ሲያስነጥስ እያስመሰልኩ አስቀዋለሁ፤ እሱ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ፤ «ያዢው፣ አፍሽን እንደሱ ያዢው!» ብሎ ወደ ጭቃው ይሮጣል።

በጋው ገብቶ፣ የአፋር ግመሎች ወደ ጨፋ ሣር ሲመጡ፣ አኮ በገበያ ቀን ሚኒባስ ይዛ መጣች። አባ ጆንያውን ገለጠላት። ቢስሚላህ ብላ እጆቿን ዘረጋችና ከግንባሩ ጀምራ ቀስ እያለች ወረደች፤ በተጨፈነው ዓይን አለፈች፣ ጉንጩ ላይ ቆየች፣ አፉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ዘሐራ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ነዪ» አለችኝና ጭቃ በነካው እጇ የእኔንም ፊት ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። «ሰይድ፣ ይቺ ልጅህ ናት» አለች። «ሀዋ አይደለችም።»

አባ አልተከራከረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሊያርመው ታገለ፤ አፉን አፍርሶ ቢሠራው እኔ ሆንኩ፣ ጉንጩን ቢቀንሰው የከሳሁ እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ በአባቴ ዓይን ውስጥ ቦታ ነበራት፤ እኔ እየሳቅኩ፣ እየለፈለፍኩ፣ ገፍቼ ተቀመጥኩበት።

በልጅ ጭንቅላቴ መላ አገኘሁ፤ ካላየኝ እሷ ትመለሳለች። ሻሼን እስከ አፍንጫዬ ጠምጥሜ መዋል ጀመርኩ፣ ምግብ ሲቀርብ ዞሬ እበላለሁ፣ እሱ በዚህ በር ሲገባ እኔ በዚያ እወጣለሁ። አባ ምንም አልገባውም። አጥር ላይ ቆሞ ለጎረቤት፣ «ወላሂ ልጄ ዲን ያዘች፣ ከእኔ እንኳ ትሸፈናለች!» እያለ ሲኩራራ ሰማሁት። ጎረቤታችንም፣ «ከአባት መሸፈን የትኛው ኪታብ ላይ ነው ደግሞ?» ብላ ስትስቅበት፣ እኔ ከግድግዳው ኋላ ሆኜ ሻሼን ነክሼ አለቀስኩ።

ሀዋ አልተመለሰችም። የበልግ ዝናብ ሲጀምር አባ ጆንያውን ማርጠብ ተወው፤ ውጭው ሁሉ ርሶ ሳለ ጭቃው ቤት ውስጥ ደረቀና ከአገጩ እስከ ጆሮው ተሰነጠቀ። አንስቶ ከጄሶ ከረጢቶች ኋላ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሱ «ትቻለሁ» ብቻ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ እሱ ጣሪያ ላይ አበባ ሲያወጣ፣ እኔ ከሥር ሆኜ መሰላሉን ስይዝለት፣ አንድም ቀን «በአንቺ ምክንያት» ብሎኝ አያውቅም።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ሲም ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። አኮ ሞታለች፣ አላህ ይርሐማት። እኔም እናቴ የሞተችበት ዕድሜ ላይ ልደርስ ምንም አልቀረኝ። ያ ሽታ በር ላይ የያዘኝ ቀን፣ አባ በረንዳው ላይ ጆንያ እየጨመቀ አገኘሁት።

«ጠዋት ስትወጪ ከኋላሽ ሳይሽ እሷን መሰልሽኝ» አለኝ። «ዞር ስትዪም አልጠፋችም። ያኔ ቸኩዬ ነው፤ ልጅ ነበርሽ፣ ፊትሽ ገና ነበር። ትቀመጪልኛለሽ?»

«እሷ መሆኗን ማን ሊያውቅልህ ነው?» አልኩት። «አኮ የለች። እኔ እንደሆነ የማስታውሰው መታወቂያውን ነው።»

አባ የቀለም ባልዲውን ገለበጠልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሱቅ ስመለስ እቀመጣለሁ። ያኔ እሷን ሲፈልግ እኔን ያየኝ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን እኔን እያየ እሷን እንደሚፈልግ ስለማውቅ አፌን ገጥሜ ጭጭ እላለሁ። እግሬን ይበላኛል፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፣ አልነቃነቅም። በሳቄና በወሬዬ መልሼ እንዳላባርራት እፈራለሁ።

ትናንት አባ አውራ ጣቱን ከጭቃው አንስቶ ብዙ አየኝ። «ምነው እንዲህ ኮስተር አልሽ?» አለኝ። «እሷ እኮ ሳቂ ነበረች።»

እንዴት እንደምትስቅ አላውቅም። የማውቀውን ሳቅኩለት። አባ ጎንበስ ብሎ የጭቃውን አፍ መሥራት ጀመረ።