ሁለት ሪሞት በአንድ ገመድ

ኦረስት አርባ ዓመት ሙሉ የመብራት መስመር ጠጋኝ ነበር። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በሆነ ብርድ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አውልቆ፣ በባዶ ጣቱ ሽቦ የሚቋጥር ሰው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የእጅ ሰዓት ሸለመው። ሰዓቱን ለወንድሙ ልጅ ሰጠና ለራሱ አንዲት በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ገዛ፤ ርዝመቷ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ የሚሆን።

ሚስቱ ስቴፋኒያ ካርቶኑን ስታይ፣ «በስልሳ ዓመትህ አሻንጉሊት?» አለችው።

«አሻንጉሊት ወድቆ አይሰበርም። ይቺ ትሰበራለች» አላት።

የምንኖረው ካናዳ ውስጥ፣ በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር ነው። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ሐይቁ መኪና ይሸከማል። ዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጎጆአቸውን እየጎተቱ ይወጡና በረዶውን በስተው ቀኑን ሙሉ ያጠምዳሉ። ከእነሱ ጎጆዎች አለፍ ብሎ ዛፍም ሽቦም የሌለው ነጭ ሜዳ አለ። የኦረስት ቦታ እሱ ነበር። በሙቀቱ ወራት ሄሊኮፕተሯን አይነካትም። «በሙቀት ትንኝ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ምክር የሚሰጥ ሰው አለ» ይላል። «ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው። ክንፏ የሚይዘው ነገር ያገኛል።»

ብርድ የሚጠላው ባትሪው ነው። ኦረስት ባትሪዎቹን እንደ ጫጩት በብብቱ ስር አቅፎ ይመጣና ለእያንዳንዱ በረራ አንዱን ያወጣል። ለእጁ ደግሞ ስቴፋኒያ ከአሮጌ ካፖርት ከረጢት ሰፋችለት። ሪሞቱ ውስጡ ይገባል፤ ሁለቱ እጆቹም በጎንና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ከላይ ትንሽ የፕላስቲክ መስኮት አለችው፤ ግን ወዲያው በትንፋሹ አመዳይ ትለብስና ምንም አታሳይም። እሷ ፒክአፑ ውስጥ ማሞቂያ ከፍታ ሹራብ እየሠራች ትጠብቀዋለች። አሥር ደቂቃ ካለፈ ጡሩምባ ትነፋለች፤ ጣቱ እንዳይሞት።

እኔ ስካፕቲ እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት ማሞቂያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሚስቴ ትታኝ በሄደችበት ዓመት፣ እሑድ እሑድ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ በሐይቁ ላይ ዝም ብዬ እራመድ ነበር። ሦስት እሑድ ሙሉ ቆሜ ሲያበር አየሁት። በአራተኛው ዞር አለና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ምሰሶ ከምትገተር ና ያዝ» አለኝ።

ያስተማረኝ በሁለት ሪሞት ነው። ሁለቱ ሪሞቶች በአንድ ገመድ ይያያዛሉ። መምህሩ በራሱ ሪሞት ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ እስከያዘ ድረስ የሚያበረው ተማሪው ነው፤ ቁልፏን በለቀቀ ቅጽበት ሄሊኮፕተሯ ወደ መምህሩ እጅ ትመለሳለች። ኦረስት ቁልፏን ሲለቅ አይነግርህም። ከመሬት ሊያላትማት የነበረው ተማሪ በድንገት ቀጥ ብላ ስትቆም ያይና የራሱ ችሎታ ይመስለዋል። እኔም ብዙ ጊዜ መስሎኝ ነበር።

«ስካፕቲ፣ ይሄ እኮ ማረሻ አይደለም! በረዶውን ምን በደለህና ታርሰዋለህ?» እያለ ይስቅብኛል። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ቢያርኒ የሚባለው ደግሞ ከጎጆው አንገቱን አውጥቶ፣ «ተዉት፣ ለእኔ ጉድጓድ እየቆፈረልኝ ነው!» ይላል። ብርዱ ፕላስቲኩን እንደ ብስኩት ስለሚያደርቀው፣ በበጋ ተጣሞ የሚቀረው ነገር በዚያ ብርድ ድቅቅ ይላል። ስብርባሪውን በቆርቆሮ ለቅመን ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ስቴፋኒያ ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ በሽንኩርት ታቀርብልናለች፤ እሱ በትንሽ መፍቻ ሲጠግን አያለሁ። ያኔ እጁ የሰዓት ሠሪ እጅ ነበር።

ሲያበር አፉ አያርፍም። የሚሠራውን ሁሉ ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፦ «አሁን ወደ ግራ... ቀስ... አፍንጫዋን ዝቅ... ጎሽ።» የሚታወቀው ግን በአወራረዱ ነው። በጣም ከፍ ያደርጋትና ሞተሩን ያጠፋዋል። ሄሊኮፕተሯ ዝም ብላ ትወድቃለች። ስትወድቅ የሚመጣው ነፋስ ክንፎቿን ያሽከረክራቸዋል። መሬት ልትደርስ የሰው ቁመት ሲቀራት፣ በዚያች በተጠራቀመችው ጉልበት ብቻ ይይዛትና በረዶው ላይ ያሳርፋታል። ድምፅ የለውም። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሞከርኩት፤ አራት ጊዜም በቆርቆሮ ለቀምኩ።

መንቀጥቀጡ መቼ እንደጀመረው አላውቅም። በብርድ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለምና፣ ሐይቁ ላይ ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ የእሱ ከእኛ አይለይም ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ተደበቀ። ስቴፋኒያ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ የሚፈጅበትን ጊዜ ታይ ነበር። በፋሲካ ገበታ ላይ የቦርሹን፣ የቀይ ሥር ሾርባውን፣ ሳህን አንስቶ ግማሹን ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያፈሰው ዘመድ ሁሉ አየ። በዚያው በጋ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለው።

ለማንም አልተናገረም። ዲሴምበር ላይ ሐይቁ እንደረጋ ወጣና የሚወዳትን ቀይዋን ሄሊኮፕተር አስነሳ። ገና ከጉልበት በላይ ሳትሄድ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ክንፎቿ በረዶውን መቱ፤ ከጅራቷ ለሁለት ተሰበረች።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«ነፋስ ነው።»

የቢያርኒ ጎጆ ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ሁለታችንም ጭሱን አየነው። ስብርባሪውን ሊለቅም ጎንበስ አለና አንዷን ብሎን አምስት ጊዜ ሞክሮ ማንሳት አቃተው። ስድስተኛውን ሳያደርግ እኔ አነሳኋት። ያን ባላደርግ ይሻል ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ፒክአፑ ሄደና ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሄሊኮፕተሮቹን ምድር ቤት አስገብቶ አንሶላ አለበሳቸው።

ሐይቁ ላይ ሄሊኮፕተር የምናበር ሰዎች ክለብ አለን፤ የዓመቱ ትልቅ ቀናችን ጃንዋሪ አንድ ነው። ብርዱ ምንም ቢሆን ሁላችንም ሐይቁ ላይ እንወጣለን፤ የዓመቱ የመጀመሪያ በረራም ሁልጊዜ የኦረስት ነው። ከበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ስቴፋኒያ ማሞቂያ ክፍሌ ድረስ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

«ዘንድሮ አልወጣም ይላል።»

«እጁ እኮ—»

«እጁን ለእኔ አትንገረኝ። ካልሲውን የማለብሰው እኔ ነኝ። ስማኝ፣ አንተን ያስተማረበት ገመድ አለ አይደል? እሱን ሰካና ከጎኑ ቁም። ካቃተው አንተ አብራት። እሱ ግን እንደወሰድክበት እንዳያውቅ።»

«ያውቃል ስቴፋኒያ። ይሄ ሰው በእጁ የኖረ ሰው ነው።»

«በምን ያውቃል? እጁ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ስካፕቲ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ቃል አይተነፍስም። አንድ ቀን ብቻ። ልለምንህ?»

እሺ አልኩ። ወደ ቤቱ ሄጄ ለክፉም ለደጉም ነው ብዬ ገመዱን ሳሳየው፣ ቀይዋ ከተሰበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አንተ ለእኔ መምህር? በቃ፣ ዓለም አበቃላት» አለ።

ጃንዋሪ አንድ ቀን ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነበር። ፀሐይ አለ፣ ነፋስ የለም። ሃያ የምንሆን ሰዎች መኪኖቻችንን በግማሽ ክብ አቁመን ቆምን። ቢያርኒ በፔርሙስ የመጣ ሻይ ያድላል። «ዲዶ፣ ዘንድሮ ከሞግዚት ጋር ነው እንዴ?» አለው፤ ዲዶ በኦረስት ዘመዶች ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ እንጠራው ነበር።

«ሞግዚቱ እኔ ነኝ። ብቻውን ከተውኩት ሐይቁን አርሶ ይጨርሰዋል» አለ ኦረስት። ሰው ሳቀ። ስቴፋኒያ ከመኪናው መስታወት በስተጀርባ ነበረች። ሹራቧን አልያዘችም።

እጆቹን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ቁልፏን ተጫንኩ። ከምድር ቤት ያወጣናት ሄሊኮፕተር ብናኝ በረዶ እያስነሳች ተነሳች፤ ወዲያው ትንዘፈዘፍ ጀመር፤ ልክ እንደ ጣቱ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገስኩ። ወደ መኪኖቹ ስታዘነብል ቁልፏን ለቀቅኩ።

ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላችን አንድ ሰው «ኧረ ዲዶ!» አለ።

«አሁን ወደ ግራ» አለ ኦረስት። ወደ ግራ ወሰድኳት። «ቀስ... አፍንጫዋን ዝቅ...» ዝቅ አደረግኳት። አፉን እየተከተልኩ፣ እሱ እንደሚያበረው አበረርኩ። ሰፊ ክብ፣ ሁለተኛ ክብ፣ ከዚያ በጀርባዋ ተገልብጣ በጎጆዎቹ ፊት ማለፍ። ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ ዓይኔ ከብርዱ ያነባል፤ እንባው ሽፋሽፍቴ ላይ ይረጋል። አንድም ጊዜ ወደ እሱ ፊት አላየሁም።

«አሁን ወደ ላይ... ገና... ገና።» ነጥብ እስክታክል ወጣች። «አሁን ሞተሩን አጠፋለሁ» አለ።

አልችለውም ልለው አልችልም፤ የሚያበረው እሱ ነዋ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ስትወርድ ሐይቁ ሁሉ ጸጥ አለ። «ጠብቅ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ። «ጠብቅ... ጠብቅ... ያዝ!» ያዝኳት። ክንፎቿ አንድ ጊዜ ሹ አሉና በረዶው ላይ እንደ ላባ ተቀመጠች።

የመኪኖቹ ጡሩምባ ሁሉ ጮኸ። ሰው እየሮጠ መጥቶ ኦረስትን አቀፈው። ስቴፋኒያም ወርዳ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተች መጣችና ጉንጩን በሁለት ጓንቷ ያዘችው። «አየህ? አየህ?» አለችው። እሱ እየሳቀ ግንባሯን ሳማት።

በኋላ ሰው ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጎጆዎች ለሾርባ ሲገባ፣ ዕቃ ልንጭን እኔና እሱ ወደ ፒክአፑ ሄድን። ገመዱን እየጠቀለልኩ ነበር።

«በሁለተኛው ክብ ላይ» አለኝ፣ «ሁለት አውራ ጣቶቼን ከሪሞቱ ላይ አነሳሁ።»

እጄ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ልይ ብዬ ነው። አልወደቀችም። ከዚያ በኋላ እጄን ከረጢቱ ውስጥ እያሞቅኩ እንደ መስፍን ስመለከት ነበር።»

«ኦረስት፣ እኔ—»

«ዝም በል። ሞተሩን ያስጠፋሁህ ልፈትንህ ነው። ትንሽ ቸኮልክ፤ ግን ያዝካት።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ለስቴፋኒያ እንዳትነግራት። አየሃት አይደል እንዴት ደስ እንዳላት? እኔ ያበረርኩ መስሏታል። እንደዚያው ይቅርላት።»

«አልነግራትም» አልኩት።

የላከችኝ እሷ መሆኗን እንዴት ብዬ ልንገረው? ሁለቱም፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ የዚያን ቀን ምስጢር ጠባቂ አድርገው አቆሙኝ። ማታ ስቴፋኒያ ስልክ ደውላ፣ «አወቀ እንዴ?» አለችኝ። «አላወቀም» አልኳት። «ተመስገን» አለችና ስታለቅስ ሰማኋት።

ኦረስት ከዚያ በኋላ ሐይቁ ላይ አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት መራመድ አቃተው፤ በሦስተኛው የአረጋውያን ማቆያ ገባ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ሾርባ በማንኪያ አጎርሰው ነበር። ድምፁ ሳስቶ ሳስቶ ጆሮዬን አፉ ላይ ካላደረግኩ አይሰማም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ በረዶው ውፍረት ነበር። ስንት ጣት ነው? መኪና ይይዛል? በመጨረሻ መጠየቁንም ተወው። ማርች ውስጥ፣ የሐይቁ ዳርና ዳር መሰንጠቅ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት አርፎ ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ ስቴፋኒያ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ያዘችኝ። እንግዶቹ ሳሎን ውስጥ ያወራሉ። ጥቁር ሻርፗ ተንሸራቶ ሽበቷ ይታያል።

«እስከ መጨረሻው አላወቀም አይደል?» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ።»

«አላወቀም» አልኳት።

አገጬን በጣቶቿ ዳበሰችና ወደ ማቀዝቀዣው ዞረች። በላስቲክ የቋጠረችውን ፒሮጊ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ። «ብቻህን ነህ፣ አታበስልም» አለችኝ። ያለፈው መኸር እሷም አረፈች። የሚከፋው የለምና ነው አሁን የማወራው።

ያን ቀን ከቀብር ተመልሼ ቤቴ ስገባ ካፖርቴን አላወለቅኩም። ፒሮጊውን ሳላሞቀው፣ ከነበረዶው፣ ቆሜ በላሁት።