ከዲምቱ በታች ያለው ግጦሽ

ሶዶ ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ከማስተማሩ ጎን የምሠራው የግጦሽ መሬት ላይ ነው። የቀድሞና የአሁን የሳተላይት ምስሎችን አነጻጽሬ፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ወደፊት ምን እንደሚሆኑ በኮምፒውተር ሞዴል አሰላለሁ። ከዲምቱ ከተማ በታች ወደ ብላቴ ወንዝ የሚወርደው የወል ግጦሽ አሳሳቢ ሆኖ አገኘሁት። ከብቱ በያዘው ከቀጠለ እሾሁ ሣሩን ውጦ ይጨርሰዋል። የታችኛው ወገን ግን ክረምቱን ከከብት ቢያርፍ ሊያገግም ይችላል።

ይህ ወገን ለአንድ ክረምት ከከብት እንዲከለል ልጠይቅ ካርታውን ይዤ ወደ ቀበሌው ወረድኩ። ስብሰባው ላይ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወደ ወላይትኛ ይመልሰዋል። ሰዉ አዳመጠ። ሁሉም እንዲናገሩ የሚጠብቀው አንድ ሽማግሌን ነበር፤ ቤታቸው ሊከለል የታሰበው መሬት አፋፍ ላይ ነው፣ ከብቶቻቸውም ሌላ ቦታ ግጠው አያውቁም። አማርኛ ስለሚችሉ በቀጥታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ዝናቡ ቢዘገይስ?»

«ሣሩም ይዘገያል። በእርግጥ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም።»

«ከብቶቼን ደጋ ወዳለው ወንድሜ ዘንድ እወስዳለሁ። እኔ ካልተውኩ ማን ይተዋል?»

እሳቸውን አይተው ሌሎቹም ተስማሙ።

ዝናቡ ዘገየ። ክረምቱ ሲጋመስ ከባለሙያው ጋር ብሄድ መሬቱ ገና ግራጫ ነው። የሽማግሌው ባለቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከብቶቹ ወደ ደጋ ሲወጡ አንዲት እርጉዝ ላም መንገድ ላይ ሞታለች። ሴትየዋ ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ፤ ባለሙያው ተረጎመልኝ።

«ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት ናት ይላሉ።»

እኔ ሞዴሉ ውስጥ ከብትን ያስገባሁት በመሬቱ ላይ እንደሚያርፍ ጫና ብቻ ነበር።

ሽማግሌውን ክልከላው ይነሣ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዋጋውንማ ከፈልን» አሉ። «ሣሩን ሳላይ አልከፍተውም።»

ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ ጥቅምት ላይ የታችኛው ወገን ሣር እስከ ጉልበት ደረሰ፤ ሰዉ እያጨደ ወደየቤቱ ተሸከመ። ከሱ በላይ ያለው ድንጋያማ ወገን ግን እኔ ካሰላሁት ውጭ ሆኖ እሾህ በእሾህ ሆነ። ስሌቱን እንደገና ሠራሁ፤ ያን ወገን እሾህ ለሚበላው ፍየል መልቀቅ እንደሚሻልም በዓመቱ በተደረገው ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። የታችኛው ድጋሚ ይከለል ሲባል ሽማግሌው ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ባለቤታቸው አልመጡም።