ከአምደወርቁ ሠርግ ወዲህ

መስታወት ማሲንቆ የጀመረችው ተደብቃ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የእነሱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሠርግ ሲጠራው የኖረ የአዝማሪ ቤት ነው። አባቷ አቶ ባምላክ ማሲንቆ ይመታሉ፤ እናቷ እማዋይሽ በአማርኛም በኽምጣኛም ይዘፍናሉ። ማሲንቆውን መውረስ የነበረበት ታላቅ ወንድሟ የኔሰው ነበር። ግን ግራኝ ሆነ። ደጋኑን በግራ እጁ ሲይዝ አባቱ ወደ ቀኝ ይመልሱበታል፤ በቀኙ ሲሞክር ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። በመጨረሻ አባትየው ተዉት፤ ልጁም ወደ ዘፈን ዞረ።

በዚያ መሃል መስታወት አባቷ ገበያ በወጡ ቁጥር ማሲንቆውን ከግድግዳ እያወረደች ትሞክር ነበር። አሥር ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ሳታስብ በሩ ላይ ቆመው ሰሟት። አልተቆጡም። ገብተው አጠገቧ ቁጭ አሉና፣

"ጭራውን በጣትሽ አትጫኚው፤ ንኪው ብቻ" አሏት።

ሴት ልጅ ማሲንቆ ስትመታ የት ታይቷል ያለ ሰው አልጠፋም። የኔሰው ግን በየሠርጉ እህቱን ከፊት ነበር የሚያስቀምጣት። እሷ መግቢያውን መትታ ስትጨርስ እሱ ለቅጽበት ዝም ይላል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሲያሰግግ ይጀምራል።

ጦርነቱ ሲመጣ ሠርግም ቀረ፤ ሰውም ተበተነ። የኔሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከየመን ነው። "ለእማዬ ደህና ነው በያት። አንቺም ማሲንቆውን እንዳትተዪ" አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም።

እማዋይሽ መዝፈን ተዉ። ሠርግ ሲመለስ አባትና ልጅ ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ፤ አባትየው ይዘፍናሉ፣ መስታወት ትመታለች። መግቢያውን ስትጨርስ ግን አሁንም ጥቂት ትጠብቃለች። ሆን ብላ አይደለም፤ እጇ ነው የሚጠብቀው። አቶ ባምላክም ያውቃሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ቶሎ ገብተውባት አያውቁም።

ዘመድ እየመጣ "እስከ መቼ ነው? ተዝካሩን አውጡለትና ነፍሱ ትረፍ" ማለት ያዘ። እማዋይሽ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ፤ ብቅሉም ተዘጋጀ። አቶ ባምላክ ግን "እናንተ አውጡ፤ እኔ አልቆምበትም" አሉ።

በዚያው ዓመት በጥር አምደወርቅ ከተማ ሠርግ ተጠሩ። ከቀትር በኋላ ዳሱ ሞቅ ሲል እንግዶች እየተነሡ ግጥም ይሰጡ ጀመር። ከሙሽራው ዘመዶች መሃል አንድ ቀጭን ወጣት እጁን አነሣ። ትእዛዙ ይባላል፤ ከሳዑዲ በአውሮፕላን ተጭኖ ከተመለሰ ሁለት ወር አልሞላውም።

"ተቀበይ" አላት።

"የማሲንቆን ጭራ ፍየል በልታዋለች፣
ከንግዲህ ለሠርጉ እሷው ትሄዳለች።"

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። የመስታወት ደጋን ግን ባለበት ቆመ። ያቺን ግጥም የኔሰው የገጠማት እቤት ውስጥ ነው፤ ፍየላቸው የማሲንቆውን ጭራ አኝካ የጨረሰች ቀን፣ የተናደዱትን አባቱን ለማሳቅ። ሌላ ሰው ፊት ተብላ አታውቅም። ዞራ አባቷን ስታይ፣ እሳቸው ተነሥተው ወደ ወጣቱ እየሄዱ ነበር።

"ልጄ፣ ይህን ከማን ሰማህ?"

"እስር ቤት ነው፣ አባቴ። ድንበር ላይ ስንያዝ አንድ አዳራሽ ውስጥ አጎሩን። አንድ የዋግ ልጅ ነበር፤ ራብ ሲጠናብን ይህን እየዘፈነ ያስቀን ነበር።"

"ስሙስ ማነው?"

"ዋጉ ነው የምንለው። እዚያ ሰው የሚጠራው በአገሩ ነው።"

"በየትኛው እጁ ነው የሚበላ?" አለች መስታወት።

ትእዛዙ ጥቂት አሰበ። "በግራው። ጠባቂዎቹም በዚያ ይቆጡት ነበር።"

አቶ ባምላክ የዳሱን ቋሚ ያዙ።

"አሁንስ የት ነው?" አለች።

"ለሁለት ከፈሉን፣ እህቴ። እኛን ወደ አውሮፕላን፣ እነሱን ወደ ሌላ ቦታ። የት እንደወሰዷቸው አላውቅም፤ ውሸት አልነግርሽም።"

ሠርግ ነውና እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። በማግስቱ አባትና ልጅ በሚኒባስ ወደ ሰቆጣ ተመለሱ። መስታወት በመስኮቱ ገደሉን እያየች ነበር። ሞቷል ብሎ ማልቀስ ቢከብድም ያርፉበታል፤ አሁን ግን መጠበቁ እንደ አዲስ ሊጀምር ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ለምን እንደከፋት ለራሷም አልገባት አለ።

እማዋይሽ ነገሩን ሰምተው አላለቀሱም።

"ከስቶ ነበር አለሽ?"

"አልጠየቅሁትም፣ እማዬ።"

"ትጠይቂው ነበር" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲነጋ ብቅሉን ማኅበር ለደረሳቸው ጎረቤታቸው ለወለተ ጊዮርጊስ ሰጧቸው። የተዝካር ወሬ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልተነሣም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። የኔሰው አልደወለም። መስታወት አሁን የባህል ቡድን ውስጥ ትመታለች፤ ፃግብጂና ጋዝጊብላ ወረዳዎችም ትሄዳለች። ከስደት የተመለሰ ሰው ባገኘች ቁጥር ስልኳን አውጥታ የወንድሟን ፎቶ ታሳያለች። "ይመስለኛል" የሚሏት አሉ፤ "ይመስለኛል"ን አለማመን ለምዳለች። ላሊበላ ላይ ጥሩ ሥራ ተገኝቶላት ሄዳ ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ አልቆየችም። እኔ በሌለሁበት ቢመጣስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳት።

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስትመለስ አባቷን ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ምን ሆነው ነው ልትል ስትል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ከውስጥ እማዋይሽ ምስር እየለቀሙ፣ በኽምጣኛ፣ ለራሳቸው ያህል ብቻ ይዘፍኑ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፃቸው ሳስቷል፤ ዜማው ግን ያው ነው።

መስታወት በሩን አልከፈተችም። አባቷ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ እሷም ማሲንቆዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ አጠገባቸው ተቀመጠች።